በደህና ቀን የሚፈለግ ደብተር

በደቡብ ጎንደር አንድ ቤተሰብ ከሚይዛቸው ወረቀቶች ሁሉ ዋጋው ያልታወቀለት የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ነው። የመሬት ደብተሩን አባወራው ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል። የመድኑን ደብተር ግን ግድግዳ ላይ ወሽቆ ይረሳዋል፤ ጢስ ይጠጣል፤ ልጆች የቤት ሥራ ይሞካክሩበታል። ፍለጋው የሚጀመረው ሰው ሲታመም ነው። ያን ጊዜ ደብተሩ ቢገኝም የዓመቱ እድሳት አልፎታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ወረዳ ላይ ይጠራቀማል፤ የታመመው ሰው ወረዳው ውል በገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ሳይከፍል ይታከማል። የፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ ድጎማ ይጨምራል፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈኑም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ግን ደብተር ኖረም አልኖረም በመንግሥት ተቋም ነፃ ናቸው።

ይህ ነገር ከደጃችን የተነሣ መሆኑን የደብረ ታቦር ሰው ብዙም አያወራውም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው ፎገራ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቀበሌው ሕዝቡ ተሰብስቦ እንግባ አንግባ ብሎ በድምፅ ብልጫ ይወስን ነበር፤ ቀበሌው ከገባ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ይመዘገብ ነበር። ፎገራ ሩዙና ከብቱ የሞላ አገር ነው፤ ነገር ግን ወባ ያለበት ሜዳ ነው። ከፎገራ አለፍ ብሎ ባለው ሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. ካላዛር በወረርሽኝ ሲነሣ በመጀመሪያ ከወባ ጋር ተምታቶ ነበር። በሽታው ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው ከተመለሱ ወጣቶች ጋር እንደመጣ ይታመናል። እንዲህ ያለ ሕመም ቤት ሲገባ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይታከማል፤ ሲድን የሚያርስበት የለውም። መድኑ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሰዎችን እያስቆምኩ መንገር ከጀመርኩ ቆይቷል። ትልቁ የተሳሳተ እምነት «ድጋፍ የሚፈለገው በቸገረ ቀን ነው» የሚለው ነው። የጤና መድን የራሱ ወቅት አለው። ምዝገባውና እድሳቱ የሚካሄደው ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ገንዘብ በእጁ በሚገባበት፣ በጥር ወር ዙሪያ ባሉት ወራት ነው። ወቅቱ ካለፈ በሐምሌ ጭቃ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መድረስ ትርፉ ድካም ነው። ጸሐፊውን መቆጣትም አይጠቅምም። የታመመ ብቻ እየመጣ የሚመዘገብበት መድን ገንዘቡ በወራት ውስጥ ያልቅና ለማንም አይተርፍም። ይህን እድራችን ካስተማረን ቆይቷል፤ ሞት በደረሰ ቀን እድር ልመዝገብ ብሎ የሚመጣ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሳልቀብር ከረምኩና ገንዘቤን መልሱልኝ የሚልም የለም። «ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬ ባከነ» የሚል ሰው ግን በየቀበሌው አለ፤ ያው ሰው በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህን ለመናገር ያፍራል።

ድጋፍን በሕመም ቀን የመፈለግ ልማድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከመድኑ በፊት ለድሃ የነበረው መንገድ የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። ሰው ሲታመም ቀበሌ ይሄዳል፤ ሊቀመንበሩ ካለ፣ ማኅተሙም ካለ፣ «እገሌ ድሃ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል። ወረቀቱ የሚለመነው በሕመም ቀን ስለነበር ሕዝቡ የተማረው ያንን ነው። ዛሬ ግን መክፈል የማይችሉት ስም ዝርዝር የሚወሰነው አስቀድሞ፣ ሰዉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በስብሰባ ነው። ቀበሌው ባጀቱ በሚፈቅደው ልክ ስም ያቀርባል፤ ሽማግሌዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀበሌው ሰዎች ይነጋገሩበታል፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ የሚቃወም ይቃወማል። ሩዋንዳም ኡቡዴሄ በሚባለው አሠራሯ ጎረቤት ጎረቤቱን በኑሮ ደረጃ እንዲመድብ አድርጋ የጤና መድን መዋጮውን በዚያ ላይ መሥርታ ነበር። ከጎረቤት የበለጠ የቤትን ጓዳ የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለውን ምርጫ ከማንኛውም የቢሮ ቅጽ የማምነው ለዚህ ነው።

በፋርጣ ገጠር ይህ ምርጫ ጥሩ ይሠራል። ማን ጥማድ በሬ እንዳለው፣ የማን መሬት በእኩል እንደሚታረስ፣ የትኛዋ አሮጊት ጧሪ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስሰማ አንድ አዛውንት የራሳቸውን ወንድም ስም ከዝርዝሩ አስፍቀው «እሱስ ከብት አለው፤ የእማሆይን ጻፉ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ቃል በቢሮ ፋይል ውስጥ አይገኝም።

ስሕተቱ የሚበዛው ከተማ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የደኸየው ሰው አይታይም። ጠላ እየጠመቀች ወይም ልብስ እያጠበች ልጆች የምታሳድግ ሴት ከሰው ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ኪራይ ሲጨምር ወደ ሌላ ቀበሌ ትሄዳለች። በአዲሱ ቀበሌ ስሟን የሚጠራ ሽማግሌ የለም፤ በአሮጌው ደግሞ «ለቃለች» ተብላ ተሰርዛለች። ስለዚህ ቤት የምትለቁ ሰዎች፣ እባካችሁ መሸኛችሁን ሳትይዙ አትውጡ። መሸኛ ከሌለ የነዋሪነት መታወቂያ አይገኝም፤ መታወቂያ ከሌለ የመድን ምዝገባም ሌላ ድጋፍም ከባድ ነው። አከራዮችንም እወቅሳለሁ፤ የኪራይ ግብር ፈርተው ተከራያቸው በቀበሌ እንዳይመዘገብ የሚያደርጉ አሉ፤ ያስቀሩት የሰውየውን ሕክምና ጭምር ነው።

የኪራይ ነገር ከተነሣ፣ ለኪራይ የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ አላውቅላችሁም፤ የቀበሌ ቤት ግን አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የተገኙት እነዚያ ቤቶች ዛሬም በትንሽ ኪራይ ብዙ አረጋውያንን ይዘዋል። የመብራትም እንዲሁ፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ታሪፍ ይከፍላል። ነገር ግን አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ንባቡ አንድ ላይ ይደመርና ድሆቹ በላይኛው ታሪፍ ይከፍላሉ። ቆጣሪ ለየብቻ ማስገባት የሚችል አከራይ ያንን ቢያደርግ ለተከራዮቹ ትልቅ ውለታ ነው።

ምግብን በተመለከተ ጋይንቶች፣ ስማዳና እብናት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አብሯቸው አለ። ጉልበት ያለው በወር አምስት ቀን ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሂሳብ በእርከንና በመንገድ ሥራ ይውላል፤ ጉልበት የሌለው፣ አረጋዊና ሕመምተኛ በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ነፍሰ ጡር ሴት ከከባድ ሥራ ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ መዛወር መብቷ ነው፤ የሥራ መሪው ካልነገራት ትጠይቅ። በቀጥታ ድጋፍ ያለ ቤተሰብም ስሙ በጤና መድኑ የማይከፍሉት ዝርዝር ላይ መኖሩን ያጣራ፤ ሁለቱን መዝገብ የሚያስተያይ ሰው በየቦታው አይገኝም።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይሉኝታ ሰዎችን ከዝርዝሩ ያስወጣል። በአንድ ዘመን ቤታቸው እንግዳ የማይታጣበት እናት፣ ስማቸው በስብሰባ ላይ «መክፈል የማይችሉ» ተብሎ ሲነበብ ተነሥተው «እኔን ተዉኝ» ይላሉ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስላሉ ብቻ አላቸው ተብለው የሚታለፉም ብዙ ናቸው፤ ልጁ ዓመት ሙሉ ሳንቲም እንዳልላከ እናት በአደባባይ አትናገርም። ስብሰባውን የሚመራ ሰው ይህን ቀድሞ ቤት ለቤት ቢጠይቅ መልካም ነው። ከብት እያላቸው፣ ለከተማ ቤት የሚሆን ቆርቆሮ እየገዙ፣ በዘመድ አስታከው የሚገቡት ግን ኃጢአታቸው ከባድ ነው። ቦታው በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ እነሱ ሲገቡ አንዲት መበለት ትወጣለች።

ደብተሩን ይዞ ስለመታከም ጥቂት ልጨምር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ጉንፋን ይዞት ቀጥታ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ያለ ሪፈር ስለመጣ ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል፤ ድንገተኛ ሕመም ሌላ ነው። ካርድ ክፍል ላይ በዚህ የሚጣሉ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ፤ ጤና ጣቢያውን አልፈውት ነው የመጡት። ደብተር ማዋስ ደግሞ ነውር ነው። ፎቶው የተለጠፈው ሊያውቁት እንጂ ለጌጥ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ በእናንተ ስም ሲታከም የእናንተ ልጅ ካርድ ላይ ያልታመመው በሽታ ይጻፋል።

መድኑ ጉድለት አለው። መድኃኒት ቤቱ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲል አባሉ የከፈለው መዋጮ ምን ሊሆን ነው ብሎ መቆጣቱ ትክክል ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ፤ ወረዳው ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን ጠይቁ፤ ደረሰኝ ያዙ፤ ለወረዳው መድን ክፍል አመልክቱ። አቤቱታ የማይደርሰው ክፍል መድኃኒቱ መጥፋቱን አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን ያናጋው ግጭት ደግሞ መዋጮ መሰብሰቡንም፣ መድኃኒት ማድረሱንም፣ በሽተኛ ማጓጓዙንም አክብዶታል። መንገድ በተዘጋ ወቅት የመድኑ ክፍል ሠራተኞች ሥራቸውን ይዘው መቆየታቸው ምስጋና ይገባዋል።

የዘንድሮ እድሳት ሲደርስ የቤተሰቡን ዝርዝር አንድ በአንድ አንብቡት። በዓመቱ የተወለደው ሕፃን ካልተጻፈ አስጽፉት፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅና አብራችሁ የምትኖር አያት ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅባቸዋልና በስማቸው ክፈሉላቸው። ፎቶ ያልተለጠፈለት አባል ካለ ሳይታመም በፊት ፎቶ አስነሡት።