የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ልየታ ያለ አልትራሳውንድ፦ ከካማሺ አንጻር

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን ያጠቃል፤ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም። ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። በኦቫሪ ላይ የሚታዩት ከረጢቶች በሽታ የፈጠራቸው ቋጠሮዎች ሳይሆኑ ዕድገታቸውን ሳይጨርሱ የቆሙ የዕንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ዋናው ችግር የሆርሞን መዛባት ነው፤ በብዙዎቹ ታማሚዎች ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪ አንድሮጅንን ከመጠን በላይ እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ዕንቁላልም በወቅቱ አይለቀቅም።

ስታይንና ሌቨንታል እ.ኤ.አ. በ1935 ሁኔታውን በሰባት ሴቶች ላይ ሲገልጹ ኦቫሪውን ያዩት በቀዶ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሮተርዳም መስፈርት ግን ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ እንዲገኙ ብቻ ይጠይቃል፦ የወር አበባ መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛትና በአልትራሳውንድ የሚታይ የኦቫሪ ለውጥ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተገኙና ሌሎች ምክንያቶች ከተወገዱ አልትራሳውንድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ በካማሺ ዞን ገጠር የሚሠራ ተመራማሪ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ጥያቄን በአግባቡ መጠየቅ ግን ግድ ይለዋል።

በጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከመኖሪያ ቤት ተለይታ የምትቆይበት ልማድ በጥናት ተመዝግቧል። ልማዱ ለሴቲቱ ጤና የሚያስከትለው ጉዳት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ወር አበባ የመጣበትና የቀረበት ጊዜ ከቤተሰብ ዕይታ እንደማይሰወር ያመለክታል። በዚያው ማኅበረሰብ እህትን በእህት የመለዋወጥ ጋብቻ ስለሚታወቅ የአንዷ ትዳር መናጋት የሌላዋንም ያናጋል። ልጅ አለመውለድ የሁለት ቤት ጉዳይ ሊሆን በሚችልበት ስፍራ ለጠያቂ በግልጽ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ቃለ መጠይቁ ሴቲቱን ለብቻዋ፣ በራሷ ቋንቋና በሴት ጠያቂ ቢካሄድ ይመረጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በአዋቂ ሴት ከ21 ቀን ያነሰ ወይም ከ35 ቀን የበለጠ ዑደት፣ ወይም በዓመት ከስምንት ያነሰ የወር አበባ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 35 ቀን ማለት አንድ ወር ከአምስት ቀን በመሆኑ ማስረዳቱም አይከብድም።

አስቸጋሪው ሌሎች ምክንያቶችን መለየት ነው። በአገሪቱ በስፋት የሚሰጠው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ብቻውን የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል፤ ጡት ማጥባትና የምግብ እጥረትም እንዲሁ። እንቅርት በክልሉ የታወቀ ችግር እንደመሆኑ የታይሮይድ ምርመራ ሊዘለል አይገባም። እነዚህን ሳያጣራ የሚቆጥር ጥናት መርፌ የተወጋችውን ሁሉ ታማሚ አድርጎ ይመዘግባል።

የአንድሮጅን መብዛት የሚለካበት የፀጉር ብዛት ሠንጠረዥም ጥንቃቄ ይሻል። ፌሪማንና ጋልዌይ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ ያወጡት ይህ መለኪያ፣ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ዘጠኝ የሰውነት ክፍሎችን እያንዳንዱን ከ0 እስከ 4 ይመዝናል። መመሪያው ከ4 እስከ 6 ያለውን ድምር እንደ መነሻ ቢወስድም መጠኑ እንደ ሕዝቡ እንደሚለያይ ያሳስባል። ለጉሙዝም ሆነ ለበርታ ሴቶች የሚስማማው ቁጥር ከዚያው ማኅበረሰብ ጤናማ ሴቶች ተለክቶ መገኘት አለበት፤ የጥናቱ የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው።