ወጣቱ ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ እንዲጠይቅ፦ ከጎንደር እስከ ደጋው

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብር በ3 ዓመት ውስጥ ወጣቶችን በፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ፣ በዳታ ትንተናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሠልጠን የታቀደ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ ወጣቱ ራሱ ተምሮ የምስክር ወረቀቱን ይወስዳል። ቴክኖሎጂው በሰው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመመርመር ግን አብሮ የሚሠራ፣ የሚጠይቅና የሚያርም ታላቅ ያስፈልጋል። ይህኛው ሥራ እስካሁን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም።

ለጎንደር እንዲህ ያለው አስተማሪነት እንግዳ አይደለም። በአቋቋምና በቅኔ ጉባኤ ቤቶች ቀድሞ የተማረው የኋለኛውን ያስጠናል። በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ከሕዝብ መካከል ያሠለጥናል።

ለጉዳዩ በጣም የሚቀርበው ልምድ የተገኘውም ከጤናው ዘርፍ ነው። ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ላለው ሥራ ከ6 ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲጣመር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሆነ። መምህራኑ ጤና ተቋማት ድረስ እየሄዱ ከባለሙያዎች ጋር ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፤ ቁጥሮቹ የማይገናኙት ለምን እንደሆነም ይመረምራሉ። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ቁጥር ከመነሻ መዝገቡ የበለጠ እውነት ሊሆን እንደማይችል በቃል ከመንገር ይልቅ እንዲህ ሲሠሩ ማየት ያስተምራል።

በሰሜን ጎንደር ዳባት ላይ ደግሞ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከየቤተሰቡ እየመዘገበ ቆይቷል። ስለ ዳታ የሚማር ወጣት ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ምንጭ አያገኝም፦ መረጃው የማን ነው? ማን ያስቀምጠዋል? የሰጠውስ ገበሬ ምን አተረፈ?

ከባዱን ትምህርት የሰጠው የከተማው የቅርብ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከቀብር ሥነ ሥርዓት ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ምስሎችና ያልተጣራ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመቱ፣ ቁጣውም ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ይሁንና አዋጅ ጥፋተኛን ይቀጣል እንጂ፣ መልእክት ከማጋራቱ በፊት ቆም ብሎ የሚያጣራ ወጣት አያፈራም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የኔትወርክ መጥፋት በትምህርት፣ በንግድና በዘመድ ግንኙነት ላይ ያደረሰውን ከጎንደር ተማሪ በላይ ሊያስረዳ የሚችል ጥቂት ነው።

በሰሜን ጎንደር በበየዳና በጃናሞራ ወረዳዎች ያለው ወጣት ጥያቄ ከዚህ ይለያል። መብራትና ኔትወርክ በማይደርስበት ደጋ አገልግሎት ወደ ስልክ በተሸጋገረ ቁጥር ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር የሚያጠና ሰው ያሻል። ይህን ለመምራት ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተስማምተው ለእያንዳንዱ የተማሪ ቡድን አንድ መምህር ይመድቡ፤ ተማሪዎቹም የደረሱበትን በየቀበሌያቸው ለሕዝብ ያቅርቡ።