ዐይን ይቀድማል፣ ጆሮ ይከተላል፣ ኅሊና ያስታርቃል

ከነቀምቴ ተነሥቶ የዴዴሳን ሸለቆ በመሻገር ወደ ጊምቢ፣ ከዚያም ወደ ነጆ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚጓዝ ሰው አገሩ ኮረብታና ሸለቆ የበዛበት መሆኑን ይመለከታል። ይህ መንገደኛ ከአንዱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ቢያይ፣ ምሳሩ ግንዱን ሲመታ ይታየዋል፤ ድምፁ የሚሰማው ግን ምሳሩ እንደገና ወደ ላይ ሲነሣ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ ድምፅ ግን የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነው።

ታዲያ ምቱና ድምፁ ለፈላጩ ለራሱስ በእውነት እኩል ይደርሱታልን? አይደርሱትም። ብርሃን በዐይን ውስጥ ወደ ነርቭ መልእክት እስኪለወጥ ድረስ በጆሮ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህም ሰው ከብርሃን ይልቅ ለድምፅ ፈጥኖ መልስ ይሰጣል። በውጭ የቀደመው ዐይን በሰውነት ውስጥ በጆሮ ይቀደማል ማለት ነው። ሁለቱን አስታርቆ «አንድ ጊዜ ሆነ» የሚል ፍርድ የሚሰጠው ኅሊና ነው።

ይህን ባለማወቅ እንጀራውን ያጣ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1796 የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ሹም ኔቪል ማስክሊን ረዳታቸውን ዴቪድ ኪኔብሩክን ከሥራ አሰናበቱ። ረዳቱ ኮከቡ በመነጽሩ ክር ላይ ሲያልፍ በዐይኑ እያየ፣ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቈጠረ ይጽፍ ነበር፤ የጻፈው ጊዜ ግን ከአለቃው 0.8 ሰከንድ ያህል ዘገየ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ቤሴል ነገሩን ሲመረምሩ፣ የታወቁ የከዋክብት ተመልካቾችም እርስ በርሳቸው እንደሚለያዩ ተገነዘቡ።

ኅሊና አስታራቂ ሽማግሌ ቢሆንም ለራሱ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፓትሪክ ሃጋርድና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን በፈቀዱት ጊዜ ቁልፍ እንዲጫኑ አደረጉ፤ ከሩብ ሰከንድ በኋላም ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰዎቹ የተጫኑበት ጊዜ ከእውነተኛው የዘገየ፣ ድምፁም የፈጠነ መሰላቸው። ጣታቸው ሳይፈቅዱ በመሣሪያ ኃይል ሲንቀሳቀስ ግን ሁለቱ ተራርቀው ታዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከመጫናቸው ጥቂት ዘግይቶ የሚበራ ብርሃን የለመዱ ሰዎች መዘግየቱ በድንገት ሲያጥር ብርሃኑ ከጣታቸው የቀደመ መሰላቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይምሰልህ። በጠብ ጊዜ «ጩኸቱ ነው ወይስ ዱላው የቀደመው?» ተብለው የሚጠየቁ ሁለት ምስክሮች አንዱ ከአጠገብ፣ ሌላው ከሸለቆው ማዶ ቆመው ቢሆን ቃላቸው ሊለያይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ሁለቱም አልዋሹም። ዳኛም ሽማግሌም ሐሰተኛ ናቸው ከማለቱ በፊት የት እንደ ቆሙ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በክረምትም መብረቅ ብልጭ ሲል ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቍጠር። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ መብረቁ ሊደርስብህ ይችላልና ከዛፍ ሥር ሳይሆን ቤት ግባ። ጆሮ መዘግየቱን ለሚያውቅለት ሰው ሕይወት ያድናል።