ሚናን በሰብዓዊ ክብር የመዘነች ተዋናይት

በቴአትር፣ በፊልምና በቴሌቪዥን ከስድሳ ዓመታት በላይ ያገለገለችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰን እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 28 ቀን 2021 በ96 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ስሟን ያስጠሩት የተጫወተቻቸው ሚናዎች ብቻ ሳይሆኑ አልጫወትም ያለቻቸውም ጭምር ናቸው።

ታይሰን እ.ኤ.አ በ1924 በኒውዮርክ ከተማ ከካሪቢያኗ የኔቪስ ደሴት ከመጡ ስደተኛ ወላጆች ተወለደች። እናቷ በሰው ቤት ሠራተኝነት ይተዳደሩ የነበሩ ሃይማኖተኛ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ወደ ትወና ማዘንበሏን እንደ ኃጢአት በመቁጠርም ከቤት አስወጥተዋታል። እርሷ ግን ቀደም ሲል በአሜሪካ ቀይ መስቀል የነበራትን የታይፒስትነት ሥራ ትታ ሞዴል ከሆነች በኋላ ፊቷን ወደ መድረክ አዞረች። እ.ኤ.አ በ1961 በኒውዮርክ መታየት በጀመረውና ከ1 ሺህ 400 ጊዜ በላይ በቀረበው የዣን ዥኔ ቴአትር ከጄምስ አርል ጆንስና ከማያ አንጀሉ ጋር ተሰልፋለች። እ.ኤ.አ በ1963 ደግሞ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ቋሚ ሚና ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆናለች።

በሙያው የገጸ ባሕርይ ተዋናይ የሚባለው በመልኩ ወይም በዝናው ሳይሆን የሚወክለውን ሰው ዕድሜ፣ አነጋገር፣ አካሄድና ሥነ ልቡና ተላብሶ በመቅረብ የሚታወቅ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለው ተዋናይ አንዳንዴ መሪ፣ ብዙውን ጊዜ ግን አጃቢ ሚና ይይዛል። ለዚህም ታይሰን እ.ኤ.አ በ1974 በቴሌቪዥን በቀረበው የሚስ ጄን ፒትማን ታሪክ ያሳየችው ችሎታ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በዚህ ፊልም በባርነት የተወለደችን ሴት ከወጣትነቷ እስከ 110 ዓመቷ ተጫውታለች። በፊልሙ መጨረሻም አሮጊቷ በምርኩዝ እያዘገመች ለነጮች ብቻ ከተፈቀደው ቧንቧ ውኃ ስትጠጣ ትታያለች። ታይሰን በዚህ ሥራዋ ሁለት የኤሚ ሽልማቶችን አግኝታለች።

ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ በ1972 "ሳውንደር" በተባለው ፊልም ባሏ በመታሰሩ ከልጆቿ ጋር እርሻውን የምታርስ የሉዊዚያና ገበሬ ሴት ሆና በመጫወት ለኦስካር ታጭታ ነበር። በዚያን ጊዜ ለጥቁር ተዋናዮች በብዛት ይቀርቡ የነበሩት ፊልሞች ወንጀልን፣ ሴተኛ አዳሪነትንና የአደንዛዥ ዕፅ ንግድን የሚያሳዩ ነበሩ። ታይሰን በእነዚህ ላለመሳተፍ ወሰነች። ውሳኔዋ ዋጋ አስከፍሏታል። ለኦስካር የታጨች ተዋናይት ብትሆንም ሥራ ሳታገኝ የቆየችባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ይሁንና መመዘኛዋ የገጸ ባሕርይዋ የኑሮ ደረጃ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1991 ሲፕሲ የተባለችውን፣ እ.ኤ.አ በ2011 ደግሞ "ዘ ሄልፕ" በተሰኘው ፊልም ኮንስታንቲን የተባለችውን የቤት ሠራተኛ ተጫውታለች። እ.ኤ.አ በ1994 ቀድሞ በባርነት የኖረች ሴትን በመወከል በአጃቢ ተዋናይነት ኤሚ ተሸልማለች። እናቷ በሰው ቤት ሠርተው ያሳደጓት ይህች ተዋናይት የምትጠይቀው ገጸ ባሕርይዋ የራሷ ሐሳብ፣ ሐዘንና ክብር ያላት ሙሉ ሰው ሆና መጻፏን ነበር። ይህ ከተሟላ የሚናው ትንሽነት አያሳስባትም።

እ.ኤ.አ በ2013 ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ወደ ብሮድዌይ መድረክ በመመለስ በሆርተን ፉት ተውኔት የልጅነት ቀዬዋን ለማየት የምትናፍቅ አሮጊት ሆና ተጫወተች። በ88 ዓመቷም የምርጥ ተዋናይት የቶኒ ሽልማትን ተቀበለች። እ.ኤ.አ በ2016 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳይ ሸልመዋታል።

የኦስካር አካዳሚ እ.ኤ.አ በ2018 የክብር ሽልማቱን ሲያበረክትላት "ሳውንደር" ከታየ 46 ዓመታት አልፈው ነበር። ይህን ሽልማት በማግኘትም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች።