ጣሪያ የሚከደነው በደቦ ነው

በጃፓን ጊፉ አውራጃ፣ በተራሮች መካከል፣ ሺራካዋ-ጎ የሚባል ገጠር አለ። የቤቶቹ የሣር ክዳን ለጸሎት የተገጠሙ ሁለት መዳፎች ይመስላል። እንዲህ ሾጥጦ የተሠራው የብርዱ ወራት በረዶ ተከምሮ ቤቱን እንዳያፈርሰው ነው። ከጣሪያው ሥር ባለው ሰፊ ቆጥ ቀድሞ የሐር ትል ይረባ ነበር።

ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ አይቸኩል። በሚያዝያ አበባው፣ በግንቦት የሩዝ ተከላው፣ በጥቅምት የቀላው ቅጠል፣ በጥር በረዶው የየራሱ ውበት አለው። ወጣቶች ደግሞ በካርቱን ፊልም ያዩትን ፍለጋ ይመጣሉ፤ የ«ሂጉራሺ» መንደር የተሣለው በዚህ ቦታ አምሳያ ነው። በ2016 የወጣው የማኮቶ ሺንካይ ፊልም «ኪሚ ኖ ና ዋ» የሚያሳየው የሂዳ-ፉሩካዋ ባቡር ጣቢያም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ብዙ ቤቶች ከጠፉ በኋላ ነዋሪዎቹ በ1971 ቃል ተጋቡ፤ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም አሉ። በ1995 ዩኔስኮ መንደሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ክዳን ሲታደስ በ«ዩኢ» መቶ፣ ሁለት መቶ ሰው ይሰበሰባል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ነገር ግን ልጆች ወደ ከተማ ከሄዱ ጣሪያው ላይ ማን ይወጣል? ጎብኚ ፎቶ ያነሣል እንጂ ሣር አይከድንም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከሄዳችሁ አንድ ሌሊት እንግዳ ከሚቀበሉት የሣር ቤቶች በአንዱ እደሩ። የምትከፍሉት ገንዘብ ቤቱን ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይደርሳል። እሳትንም ተጠንቀቁ።