የግድብ ጥልቀት ከመለካቱ በፊት የጫጫታው መጠን ለምን ይለካል?

ደለል የሚገባበት ግድብ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ለማወቅ ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል። በአሁኑ ጊዜ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በድምፅ ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያዎች ከጀልባ ላይ ድምፅ ልከው መለካት ከመጀመራቸው በፊት ሊያከናውኑት የሚገባ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው ምንም ድምፅ ሳይልክ ምን እንደሚሰማ መፈተሽ ነው። ይህ ፍተሻ ከተዘለለ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የውሃውን ጥልቀት ሳይሆን የጀልባውን ሞተር ጫጫታ የሚናገር ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ለኮዬ ፈጬና ለአካባቢው ነዋሪዎች ሩቅ አይደለም። ከኮዬ ፈጬ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ የአባ ሳሙኤል ግድብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው ይህ ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ያለው ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በወንዞቹ ተጉዞ ወደ ግድቡ ይገባል። ውሃው ከዚያ ወጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የገደል ማሚቶ በውሃ ውስጥ

የመለኪያው መሣሪያ ሶናር ይባላል። አሠራሩም ከገደል ማሚቶ ጋር አንድ ነው። ከጀልባው ሥር የተተከለው አካል አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ሲመለስ መሣሪያው የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ድምፅ በጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል። ድምፁ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ መቶኛ ከፈጀበት፣ በድምሩ 14.8 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። የውሃው ጥልቀትም የዚህ እኩሌታ፣ ማለትም 7.4 ሜትር ይሆናል።

ችግሩ የሚመለሰው ድምፅ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ከማዶ የሚጠራውን ጎረቤቱን እንደማይሰማ ሁሉ፣ ሶናሩም በጫጫታ ከተከበበ የማሚቶውን ድምፅ መለየት ይሳነዋል። ጫጫታው ከጀልባው ሞተር፣ ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው መቅዘፊያና እሱ ከሚፈጥራቸው አረፋዎች፣ ከነፋስ፣ ከማዕበልና ከዝናብ ይመጣል። አንዳንዴ ምንጩ በውሃው ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ከጄኔሬተር፣ ከባትሪ ቻርጀር ወይም በአግባቡ ካልተያያዘ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነሳ ረብሻ በቀጥታ ወደ መሣሪያው ይገባል።

ፍተሻው እንዴት ይከናወናል?

በመጀመሪያ ጀልባው ጸጥ ባለ ሥፍራ ይቆማል። ሞተሩና ሌሎች መሣሪያዎች ይጠፋሉ። ሶናሩ ድምፅ መላኩን አቁሞ እንዲያዳምጥ ብቻ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የሚመዘገበው መጠን የማነጻጸሪያ መነሻ ይሆናል። ቀጥሎ ሞተሩ ይነሳል፤ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በእያንዳንዱ ደረጃ የጫጫታው መጠን ይመዘገባል። ሌሎች መሣሪያዎችም አንድ በአንድ ይበራሉ። መጠኑ በድንገት ከፍ ካለ፣ የመጨረሻ የበራው መሣሪያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

መጠኑ የሚገለጸው በዴሲቤል ነው። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የጫጫታው ኃይል እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል እንዳልቀረው ያሳያል፤ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በሥራው ላይ ከባድ ነው። ከውጤቱ በመነሳት ጀልባው በምን ያህል ፍጥነት ቢሄድ እንደሚሻል ይወሰናል፣ የሶናሩ አካል ከመቅዘፊያው ይርቃል፣ ሽቦውም ይስተካከላል። በውቅያኖስ ላይ የባሕር ወለል ካርታ የሚያነሱ ትላልቅ መርከቦችም የሚከተሉት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ፍተሻው ሌላም ጥቅም አለው። ከበሰበሰ ጭቃ የሚወጡ የጋዝ አረፋዎችና እንደ እምቦጭ ያሉ ተክሎች ሥሮች ድምፁን ከወለሉ በፊት ይመልሱታል። እነዚህ ግን የሚታዩት ሶናሩ ድምፅ ሲልክ በመሆኑ በማዳመጥ ብቻ ከሚገኘው ጫጫታ ይለያሉ። ፈውሳቸውም ሌላ ነው፤ የሞተሩን ፍጥነት መቀነስ አያጠፋቸውም።

ስህተቱ ምን ያስከትላል?

ጫጫታ ቁጥሩን በሁለት መንገድ ያዛባል። መሣሪያው ረብሻውን እንደ ወለል ከቆጠረው ግድቡ ካለው በላይ በደለል የሞላ ይመስላል። ባለሙያው ረብሻውን ለማፈን የመሣሪያውን የመስማት አቅም ሲቀንስ ደግሞ፣ ከለስላሳው ደለል የሚመለሰው ደካማ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ መሬት እንደ ወለል ይወሰድና ግድቡ ገና ብዙ ውሃ የሚይዝ ይመስላል።

በ100 ሄክታር ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ስህተት 100,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢሰላ 6,250 ምልልስ ማለት ነው። ለደለል ጠረጋ የሚያዘው በጀት፣ ለመስኖ የሚመደበው ውሃና ለክረምት ጎርፍ የሚተወው ባዶ ቦታ ሁሉም በዚህ ቁጥር ላይ ይመሠረታሉ። የግድብ ውሃ ተማምኖ ቀይ ሽንኩርትና ጎመን የሚተክል አርሶ አደር ስህተቱን የሚያውቀው ግን ውሃው በበጋው አጋማሽ ሲያልቅበት ነው።

በጥንቃቄ የተሠራ ልኬት የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ በጣና ሐይቅ ታይቷል። የሐይቁ ጥልቅ ሥፍራ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከወለሉ በታች ያሉትን የደለል ንብርብሮች በድምፅ ሞገድ ያጠኑና ናሙና ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል።

የመስኖ ማኅበራትና የአካባቢ ነዋሪዎች ስለ ግድባቸው ጥልቀት ሪፖርት ሲቀርብላቸው ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሱ ይበጃል። ከልኬቱ በፊት የጫጫታ ፍተሻ ተደርጓል ወይ? ልኬቱ የተካሄደው ፍተሻው በፈቀደው ፍጥነትና ነፋስ በበረደበት ሰዓት ነው ወይ? ቁጥሩስ ክብደት በታሰረበት ባለምልክት ገመድ በጥቂት ሥፍራዎች ተመሳክሯል ወይ? የመጨረሻው ጥንታዊ ዘዴ ቢሆንም የሞተር ጫጫታ አያሳስተውም፤ በየቀበሌው ባሉ አነስተኛ የውሃ ማቆሪያ ኩሬዎችም አርሶ አደሩ ራሱ በየዓመቱ ሊጠቀምበት ይችላል።