ለአንድ ሞግዚት ስንት ሕፃናት?

ሕፃንን ማለዳ ለሌላ ሰው አስረክቦ ወደ ሥራ መሄድ ከአደራዎች ሁሉ የከበደ ነው። ወላጅ ቀኑን ሙሉ በስፍራው አይገኝም፤ ሕፃኑም የደረሰበትን ገና መናገር አይችልም። ታዲያ በወላጅ ፈንታ አደራውን የሚጠብቀው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት የእንግሊዝን ተሞክሮ እንመልከት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጠባቂ ተቆጣጣሪው አካል ነው። በእንግሊዝ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኦፍስቴድ የተባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በ1992 ትምህርት ቤቶችን እንዲመረምር ተቋቁሞ በ2001 የሕፃናት ማቆያዎችን ቁጥጥር ከአካባቢ መስተዳድሮች ተረከበ። ደንቡን የሚያወጣው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ኦፍስቴድ መከበሩን ይመረምራል፣ ከባድ ጥፋት ሲያገኝም ምዝገባ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ከደንቦቹ መካከል ዋነኛው የቁጥር ገደብ ነው፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ 3 ሕፃናት ቢያንስ 1 ሠራተኛ መመደብ አለበት።

ይሁን እንጂ መርማሪ መጥቶ ይመለሳል፤ ከሕፃናቱ ጋር ውሎ የሚያመሸው ሠራተኛው ነው። ሁለተኛው ጠባቂ፣ የሠራተኞች ማኅበር፣ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ማኅበር ለደመወዝ ብቻ የሚሟገት ይመስለናል። ነገር ግን የሠራተኛው ጫና ሲበዛ የሕፃኑ ድርሻ ያንሳል፤ ሁለቱ ጉዳዮች አይነጣጠሉም።

ይህም በ2013 በግልጽ ታየ። በጥር ወር መንግሥት፣ የማቆያ ወጪን ለመቀነስ በማሰብ፣ ከፍ ያለ ሥልጠና ያላቸው ሠራተኞች ብዙ ልጆች እንዲይዙ ሐሳብ አቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ከ3 ወደ 4፣ የሁለት ዓመት ልጆች ከ4 ወደ 6 ከፍ ሊሉ ነበር። የሠራተኞች ማኅበራት፣ የማቆያ ባለቤቶችና ወላጆች ተቃወሙ። በሰኔ ወር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒክ ክሌግ ድጋፋቸውን በመንፈጋቸው ዕቅዱ ቀረ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን፣ በመስከረም 2023፣ ለሁለት ዓመት ልጆች የተወሰነው ቁጥር ከ4 ወደ 5 ከፍ እንዲል ተፈቀደ፤ ማቆያዎች ግን በቀድሞው ቁጥር መቀጠል ይችላሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ደንብ አንድ ጊዜ ስለወጣ ብቻ እንደማይጸና ነው። ተቆጣጣሪው ሕጉን ያስከብራል፤ ማኅበሩ ሕጉ ሲላላ ድምፁን ያሰማል። ሦስተኛው ጠባቂ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። እኛም ልጅ ስናስረክብ ከክፍያው አስቀድመን እንጠይቅ፤ በዚህ ክፍል ስንት ሕፃናት፣ ስንትስ ሠራተኞች አሉ?